ለሌባው የማይጮኽ ውሻ

ደብረ ታቦር መናኸሪያ በር ላይ ድንች በአዋዜ የበላ ሰው ሁሉ ፈንታነሽን ያውቃታል። ሸራዋን በሁለት አጠና ወጥራ፣ ድስቷን ከሰል ላይ ጥዳ፣ ከጉና የወረደውን ድንች ከነልጣጩ ትቀቅላለች። ብርዱ አጥንት በሚሰረስርበት የክረምት ጠዋት ሾፌሩም ረዳቱም ተሳፋሪውም መጀመሪያ እጁን በድስቷ እንፋሎት ያሞቃል፤ ከዚያ ነው የሚገዛው።

«ፈንታ፣ እጅ ማሞቂያም ታስከፍያለሽ እንዴ?» የሚላት አይጠፋም።

«እጅህስ በነፃ ይሙቅ፤ ሆድህን ግን አላውቅልህም» ትለዋለች።

ሳቂታ ናት። ሳቋን የሰማ ሰው ይህች ልጅ የታሰረች ናት ብሎ አይጠረጥርም። ቀኑን ሙሉ «ወረታ፣ ወረታ! አንበሳሜ! ባሕር ዳር የሞላ!» ሲባል ትሰማለች። የመኪናውን ሁሉ መሄጃ በቃሏ ታውቃለች። እሷ ግን በሩ ላይ እንደተተከለ ግንድ እዚያው ናት።

አንድ ጊዜ ልትሄድ ነበር። ከአንበሳሜ ወጣ ብሎ ባለው መንደሯ ዘመድ አዝማድ መርቋት፣ እናቷ ጌጤ ዳቦ ቆሎ ቋጥራላት፣ ዐረብ አገር ልትሻገር አዲስ አበባ ድረስ ሄዳለች። የጤና ምርመራው ላይ ቀረች። ውጤቱን የነገረቻት ልጅ ቀና ብላ እንኳ ሳታያት፣ «ጉበትሽ ላይ ቫይረስ አለ፤ አትሄጂም። ቀጣይ!» አለች። ለፈንታነሽ ቫይረስ ማለት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱ መሰላት። በመመለሻው አውቶቡስ ላይ መንገዱን ሙሉ ሞቷን ስታስብ መጣች። እሱ እንዳልሆነ፣ ሄፓታይተስ ቢ የሚባል የጉበት ቫይረስ እንደሆነ የሰማችው ደብረ ታቦር ወርዳ በድጋሚ ስትመረመር ነው። ለእናቷ «ቪዛው ተበላሸ» አለቻት። ለዐረብ አገር የተመረቀች ልጅ ባዶ እጇን ወደ መንደር አትመለስምና እዚያው ከተማ ቀረች። ድስት ገዛች።

ባሏን ይሻውን ያገኘችው በዚያው ድስት ነው። ባጃጅ ነጂ ነው፤ ድንች እየበላ ለመዳት። ላግባሽ ሲላት አልደበቀችውም፤ ደሟ ውስጥ ያለውን ነገረችው። ይሻው አዳምጦ የያዘውን ድንች ላጠ፤ በላ።

«አብሮ መብላት ያስይዛል?» አላት።

«አያስይዝም። ደም ነው፤ አልጋም ነው። አንተ ተመርምረህ ነፃ ከሆንህ ክትባት አለው።»

«እንግዲያው ድንቹን ጨምሪልኝ» አለና ሳህኑን ዘረጋ። ተመረመረ፤ ነፃ ሆነ፤ ተከተበ፤ ተጋቡ። አንዲት ክፍል ተከራይተው ገቡ።

ስታረግዝ ነው ነገሩ ሁሉ እንደ አዲስ የተነሣው። ሆስፒታል ስትከታተል ያገኘቻት አዋላጅ ነርስ ሲስተር ዝናሽ ትባላለች፤ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ጥያቄ የማይሰለቻት ሴት።

«ስሚኝ ፈንታነሽ» አለቻት። «የሰው ሰውነት የራሱ ጠባቂ አለው፤ በደም ውስጥ ይዞራል። ባዕድ ሲገባ ይለያል፣ ይጮኻል፣ ያባርራል። ይህ ቫይረስ ትልቅ ሰው ሆነሽ ይዞሽ ቢሆን ጠባቂሽ በጥቂት ወራት ውስጥ አንገላቶ ሳያስወጣው አይቀርም ነበር፤ የብዙ ሰው ያስወጣዋል። አንቺን ግን የያዘሽ ስትወለጂ ወይ ገና በጨቅላነትሽ ነው። የጨቅላ ጠባቂ የቤት ሰው የቱ እንደሆነ፣ ባዕድ የቱ እንደሆነ ገና እየተማረ ነው። ዓይኑን ሲገልጥ ቫይረሱን እቤት አገኘው። የቤት ሰው መሰለው።»

ፈንታነሽ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ደረቀ። «እንደ መቻል» አለች።

መቻል በልጅነቷ የነበራቸው ውሻ ነው። ቡችላ ሳለ አጥንት እየወረወረ ያሳደገው ማዶ የሚኖር አንድ ጎረምሳ ነበር። ጎረምሳው አድጎ ዶሮ ሌባ ሆነ። መቻል አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ሲዘነጣጥል፣ እሱ ዶሯቸውን በብብቱ ይዞ ሲወጣ ግን ጭራውን እየቆላ ይሸኘው ነበር። ጌጤ ዶሮ ባለቀባት ቁጥር ሸለምጥማጥን ትረግም ነበር።

ሲስተር ዝናሽ ታሪኩን ወደደችው። «በቃ፣ ያንቺ ጠባቂ መቻል ነው» አለች።

«ታዲያ ሌባው ጉበቴን እየበላው ነው?»

«የሚገርምሽ እዚህ ላይ ነው። ሌባው በራሱ ጉበቱን እምብዛም አይነካውም። የሚያቆስለው ውሻው ነው። አንድ ቀን ይነቃል፤ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። ጉበትሽን ጋን ነው በዪው፤ ሌባው የተደበቀው እሱ ውስጥ ነውና ውሻው ጋኑን ይሰብራል። ስብራቱ ይጠገናል፣ ጠባሳ ይሆናል። ደግሞ ይነቃል፣ ደግሞ ይሰብራል። ጠባሳ በጠባሳ ላይ ሲደራረብ ጉበቱ ይደርቃል፤ ሆድ ውኃ ይቋጥራል። አንዳንዱ ውሻ ደግሞ ዓመት ሙሉ ሲጮኽ ድምፁ ይሰልላል፤ ሌባውን እያየው ይተኛል።»

ሆድ ውኃ ይቋጥራል የሚለው ቃል ፈንታነሽን ወደ ፋሲል ወሰዳት። ፋሲል ታላቅ ወንድሟ ነበር። ሊዳር ሽማግሌ በተላከበት ዓመት ዓይኑ ቢጫ ሆነ። የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ሥር ተቀጥቅጦለት ጠጣ። ሆዱ ተነፋ፤ ክንዱ እንደ ጭራሮ ከሳ። ጸበልም ወሰዱት። ሐኪም ቤት የደረሰው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ከዚያም አልተመለሰም። ከመታመሙ በፊት ጎረቤታቸው ውቢት መንገድ ላይ አግኝታው «አይ ፋሲል፣ እንዴት ያለ ጎረምሳ ወጣህ!» ብላ አድንቃው ነበር። ጌጤ ነገሩን ከዚያ ጋር አያያዘችው። ዓይኗ በላው አለች። ለሐዘን እንጀራ ይዛ የመጣችውን ውቢትን ከደጅ መለሰቻት። ከዚያ ወዲህ መንደሩም ነገሩን እውነት ብሎ ተቀበለ። ውቢትም ሕፃን ልጅ ባየች ቁጥር ማንም ሳይጠይቃት ነጠላዋን በዓይኗ ላይ ትስባለች።

«ሲስተር፣ ወንድሜም…»

«ሳላየው አልፈርድም። ግን ይመስላል። እናትሽም ብትመረመር ጥሩ ነው፤ ንገሪያት።»

ፈንታነሽ ቀና ሳትል «ልጄስ?» አለች።

«ልጅሽ የሚድንበት በር አለ። ጠባብ ነው እንጂ አለ። እንደተወለደ በዚያው ቀን ይወጋል። ክትባቱ ሌባው አይደለም፤ የሌባው ሽታ ነው። ሌባው ገብቶ ሳይላመድ ውሻው ሽታውን ይወቅ ነው ነገሩ። በዘገየ ቁጥር በሩ ይጠባል። ላንቺ ደግሞ ይህን ክኒን እሰጥሻለሁ። ሌባውን አያስወጣውም፤ እጁን ያስረዋል። በራስሽ ሥልጣን እንዳታቋርጪ፤ እጁ በድንገት የተፈታ ሌባ ሲንኮሻኮሽ ውሻውን ቀስቅሶ ቤቱን ያስፈርሰዋል።»

«ጡትስ?»

«ታጠቢያለሽ። ብቻ እዚህ ውለጂ። መንደር ብትወልጂ፣ ምናልባት ማቀዝቀዣው ይሠራል፣ ምናልባት መብራት ይኖራል፣ ምናልባት መንገዱ ክፍት ይሆናል… በስንት ምናልባት ላይ ነው ልጅሽን የምትጥዪው?»

ወጥመዱ የተዘጋው እዚህ ላይ ነው። በነፈንታነሽ አገር የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ሴት ልጅ ስታረግዝ እናት ጓዳዋን ትለቀልቃለች፣ የገንፎ ገብስ ታስፈጫለች፣ ልጇን ከባሏ ቤት ታስመጣለች። ያልመጣች እንደሆነ ወይ እናቲቱ ከፍታለች፣ ወይ ልጅቱ ንቃለች። ላለመሄድ ምክንያት መናገር አለባት። ምክንያቱን ከተናገረች ጌጤ «ከየት መጣብሽ?» ማለቷ አይቀርም። ከየት እንደመጣ ካወቀች ደግሞ ፋሲልን ዳግመኛ ልትቀብረው ነው፤ በዚህኛው ቀብር ገዳይዋ ራሷ ሆና።

ስልኩ በየሳምንቱ ይጮኻል።

«ጓዳውን ለቅልቄዋለሁ» ትላለች ጌጤ። «ገብሱም ተፈጭቷል። የምትመጪው መቼ ነው?»

«እማ፣ ሐኪም መንገድ አትሂጂ ብሎኛል።»

«አንበሳሜ መንገድ ሆነና ነው? ጠዋት ተነስተሽ ለምሳ የምትደርሺበት አገር!»

«መኪናው ያናውጣላ።»

«እኔ አንቺን የወለድሁ ቀን እስከ ቀትር ሽንብራ ስነቅል ነው የዋልሁ። መናወጥ አለችኝ!»

በሐምሌ አንድ ቀን ጌጤ ራሷ መጣች። ነጠላዋ ረጥቦ፣ ለአማቿ ለይሻው ስጦታ የሚሆን ዶሮ በብብቷ ይዛ በሩን ገፋችው። «ነገ እንሄዳለን» አለች፤ ሰላምታዋ ይኸው ነበር።

በማግሥቱ መንገድ ተዘጋ።

በዚህ አገር የመንገድ መዘጋት እንደ ዝናብ ነው፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ እስኪያባራ ይጠበቃል። መናኸሪያው ጭር አለ። ድንች የሚበላ ጠፋ፤ ፈንታነሽ ድስቷን ይዛ ቤት ገባች። የይሻው ባጃጅም ግቢ ውስጥ ቆመች። በአንዲት ክፍል እናትና ልጅ አልጋው ላይ፣ ዶሮዋ ከአልጋው እግር ታስራ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቀኑ አልመሽ አለ። አማችና አማት በአንድ ጣራ ሥር አያድሩምና ይሻው ጋቢውን ተጠቅልሎ ባጃጁ ውስጥ ይተኛል። ጠዋት አንገቱ ተጣሞ ሲገባ ጌጤ ታዝንለታለች።

«አይ ልጄ፣ እንዲያው በኔ ምክንያት!»

«ምንም አይደለም እማማ። ባጃጇም ብርድ እንዳትታመም ላሙቃት ብዬ ነው።»

ጌጤ በነጠላዋ ተሸፍና ትስቃለች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ነገሯ ያው ነው። «ይሻው፣ እውነቱን ንገረኝ እስቲ። አንተ ነህ የከለከልሃት? ልጁ የናቱ ወገን እንዳይሆን ብለህ ነው?»

ይሻው አንዴ ሚስቱን፣ አንዴ ዶሮዋን ያያል። «ኧረ እማማ፣ እኔ ምኑን አውቄ!» ይልና ሥራ እንዳለው ሰው ወደ ቆመች ባጃጁ ይወጣል።

ፈንታነሽ ክኒኗን ስትውጥ እናቷ አየቻት። «ምንድን ነው?»

«የደም ማነስ ነው።»

«እሱማ ቤታችን ተልባ አለ፤ ጤፍ አለ። ደም የሚጠፋው ከተማ ነው።»

ፈንታነሽ በሩ ላይ ቆማ ዝናቡን ታያለች። መንገዱ ይከፈት ዘንድ ሰው ሁሉ ይጸልያል። እሷ አንድ ጊዜ «ባይከፈትስ» ብላ አስባ ደነገጠች። ከተከፈተ እናቷ ትወስዳታለች። ካልተከፈተ ደግሞ በዚህች ክፍል ውስጥ በየቀኑ እየዋሸቻት ትኖራለች። ሆዷን ይዛ ቆመች። ውስጥ ያለው ልጅ ወጣ ወረደ። እኔ ልወጣ ካልቻልሁበት እሱን ማን ያስወጣዋል አለች በልቧ። ደሟ ውስጥ ያለውም እንዲሁ ነው፤ አይገድላት፣ አይለቃት፤ ቤት ተቀምጦ አብሯት ይበላል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ይሻው ጭቃውን እያራገፈ ገባ። ድምፁ የምሥራች አልነበረውም። «ነገ መንገድ ይከፈታል አሉ» አለ፤ ሲናገር የሚያየው ሚስቱን ነበር። ከዚያ ተመልሶ ወጣ።

ጌጤ «ተመስገን!» ብላ ወዲያው የልጇን ልብስ ማጣጠፍ ጀመረች።

«እማ፣ አልሄድም።»

«ምን አልሽ?»

«እዚሁ ነው የምወልደው።»

ጌጤ ልብሱን እንደያዘች ቀና አለች። «እናቴ ቤት አልወልድም ያለች ልጅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? የገረድ ልጅ እንኳ እናቷ ቤት ነው የምትወልድ! አገር ምን ይላል? ያቺ ውቢትስ ምን ትላለች? የጌጤ ቤት ልጅ አይበረክትበት፣ የገዛ ልጇ ፈርታ ቀረች አትልም? ፋሲሌን በልታ ሳታበቃ ደግሞ ትስቅብኝ?»

ፈንታነሽ ያን ጊዜ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ከእንግዲህ የሚዋሽ ነገር አልቀረም።

«እማ፣ መቻልን ታስታውሺዋለሽ?»

«ምን?»

«ውሻችንን። ዶሯችንን የጨረሰው ሸለምጥማጥ አልነበረም። ያ ያሳደገው ጎረምሳ ነው።»

«በኋላ ሰምቻለሁ። ምነው አሁን የሞተ ውሻ አነሣሽ?»

ከዚያ ነገረቻት። ውሻው ለምን እንዳልጮኸ፤ በሰው ደም ውስጥም እንዲህ ያለ ውሻ እንዳለ፤ ከልጅነት አብሮ ያደገን ሌባ እንደማያውቀው፤ ዐረብ አገር የቀረችው በቪዛ እንዳልሆነ፤ ክኒኑ የደም ማነስ እንዳልሆነ። ፋሲል ላይ ስትደርስ ድምፏ ቀጠነ። «የፋሲል ውሻ ነቃ፣ እማ። ነቅቶ ሌባውን ሲያሳድድ ቤቱን ሰባበረበት። የጠጣው ሥርም ለተሰባበረው ጉበት ሌላ ሸክም ሆነበት። ልጄ በተወለደበት ቀን መወጋት አለበት። መርፌው ያለው እዚህ ነው።»

ጌጤ ቆማ ቀረች። የምታጣጥፈው ልብስ ከእጇ አልወረደም። ፈንታነሽ «እኔ ነኝ?» የምትለውን ጥያቄ ጠበቀች። የመጣው ሌላ ነበር።

«ውቢት አልበላችውም ማለት ነው?»

«አልበላችውም እማ።»

«ለሐዘን ያመጣችውን እንጀራ ለውሻ ነው የሰጠሁት። እያየችኝ።» ጌጤ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ልጅ ባየች ቁጥር ዓይኗን ስትሸፍን እኔ ልቤ ይረካ ነበር፤ ታውቂያለሽ?»

ከዚያ ጥያቄው መጣ።

«ከኔ ነው የያዛችሁ?»

«ይሆናል። አንቺንም ከእናትሽ። እሷንም ከእናቷ። ወይ በምላጭ፣ ወይ ስትነቀሱ በእሾህ። ማን ያውቃል?»

ጌጤ አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳት በጣቷ ዳበሰች። መንደሩ ሁሉ በአንድ እሾህ የተነቀሰው ንቅሳት ነው።

«አንቺ ስትወለጂ እንዲህ ያለ መርፌ እንዳለ የነገረኝ አለ?»

«ማንም።»

«ቢነግሩኝ አላስወጋሽም ነበር?»

«ታስወጊኝ ነበር፣ እማ። በጀርባሽ አዝለሽ ትወስጂኝ ነበር።»

ጌጤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ፈንታነሽ እናቷ ስታለቅስ ያየችው ለፋሲል ቀብር ነበር፤ ያኔ አገር ሰምቷታል። አሁን ግን ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ አንበሳሜ ከመሳፈሯ በፊት ጌጤ ሆስፒታል ሄዳ ደሟን ሰጠች። ውጤቱ መጣ፤ ቫይረሱ አለባት። ሲስተር ዝናሽ ግን የጉበቷን ምርመራ አይታ ደህና ነው አለች።

«ውሻዬ ተኝቷላ?» አለች ጌጤ።

ሲስተር ዝናሽ ወደ ፈንታነሽ ዞራ ፈገግ አለች። «አልተኛም እናቴ፤ ከሌባው ጋር ታርቀዋል። እሱም አያጠፋ፣ ይኸኛውም አይጮኽ።»

«ሽማግሌ በሌለበት የተደረገ እርቅ ይታመናል?»

«አይታመንም። ለዚህ ነው በየጊዜው እየመጡ ይታዩ የምለው።»

«ሌባው ያው አንድ» አለች ጌጤ እየወጣች። «ከኔ ታርቆ ፋሲሌን ያፈርስ?» መናኸሪያው ጋ ሲደርሱ የልጇን ሆድ በእጇ ነካች። «ጓዳዬን ላመጣልሽ አልችልም። ገንፎውን ግን አመጣዋለሁ። ዱቄቱንና ቅቤውን ይዤ ወዲያው እመለሳለሁ።» ተሳፈረች።

መንገዱ ከኋላዋ ተዘጋ። ኔትወርኩም አብሮት ጠፋ።

መንገዱ ሳይከፈት ምጡ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጀመረ። ይሻው ያቺን የቆመች ባጃጅ አስነስቶ፣ ጉድጓድ በሸሸ ቁጥር ሌላ ጉድጓድ እየገባ አደረሳት። ፈንታነሽ በምጡ መካከል የፈለገችው እናቷን ነበር፤ የአልጋውን ብረት ጨብጣ «እማ» እያለች ጮኸች፤ እማ ግን ከዝናቡ ማዶ፣ ከተዘጋው መንገድ ማዶ ነበረች። ልጅቱ ስትወጣ ሲስተር ዝናሽ አጥባ፣ ጠቅልላ፣ መርፌውን ይዛ መጣች። የልጅቱ ጭን ከአውራ ጣት አይበልጥም። ስትወጋት እሪ አለች።

«ጩኺ» አለቻት ሲስተር ዝናሽ። «በደንብ ጩኺ። ከዛሬ ጀምሮ የሚጮኽ ነው የምንፈልገው።»

በክፍሉ ውስጥ የነበሩ የሌላ ሰው እናቶች፣ ፈንታነሽን በስሟ እንኳ የማያውቋት፣ ተነስተው ለሴት ልጅ የሚገባውን እልልታ አቀለጡላት።

ኔትወርክ ሲመለስ መጀመሪያ የደወለችው ጌጤ ናት።

«ወለድሽ?»

«ወለድሁ እማ።»

«ተወጋ?»

ወንድ ነው ሴት አላለችም። አንቺስ ደህና ነሽ አላለችም። ፈንታነሽ እንባዋ ፈሰሰ። «ተወጋች። ገና ከመወለዷ።»

በስልኩ ውስጥ እልልታ ተሰማ። የአንድ ሰው አልነበረም፤ የሁለት ሴት ነበር።

«ማነው አብሮሽ ያለው?»

«ውቢት ናት» አለች ጌጤ። መንገድ በተዘጋበት ሰሞን ጌጤ ድንጋይ በአንገቷ ተሸክማ ከውቢት ደጅ ቆማ ነበር፤ በአገሩ ወግ ይቅርታ የሚለመነው እንዲህ ነው። ውቢት ወጥታ አየቻት፤ ብዙ አየቻት። «አውርጂው በይ» አለች በመጨረሻ፤ «አንገትሽ ቢቀጭ ደግሞ ውቢት አየቻት ሊሉኝ ነው።»

ገንፎው ዘግይቶ ደረሰ። ጌጤ መንገዱ በተከፈተ ቀን ዱቄቱን አዝላ መጣች። አራሲቱ ከእንግዲህ ገንፎ የሚያስፈልጋት አልነበረችም፤ ይሻው ጨረሰው። ልጅቱን ምስጋና አሏት። ቀሪ ክትባቶቿን ሳታጓድል ወሰደች። ግን መርፌው ሠርቶላት እንደሆነ የሚታወቀው ልጅቱ ዓመት ሊሆናት ሲቃረብ፣ ደሟ ሲታይ ነው። እስከዚያ ያለው ጊዜ ለፈንታነሽ ሌላ ክፍል ሆነ፤ በር የሌለው። ልጅቱ ዓይኗን ባሸች ቁጥር ወደ ብርሃን ወስዳ ነጩን ታያለች፤ ቢጫ የታየባት እየመሰላት። ድንች ትቀቅላለች፣ ትስቃለች፣ ክኒኗን ትውጣለች፣ ዓይን ታያለች።

ውጤቱ የወጣ ቀን ሲስተር ዝናሽ ከበሩ ጀምራ ነው የሳቀችው።

«ነፃ ናት። ሌባው አልገባም። ውሻዋም ሽታውን ለይቶ ያውቃል።»

ፈንታነሽ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ አቀፈች። ይሻው ነው ግድግዳውን ይዞ ያለቀሰው።

«የኔስ ሲስተር?» አለች ፈንታነሽ።

«ያንቺ እንዳለ ነው። እጁ እንደታሰረ ነው። ገመዱን እንዳትፈቺው።»

«አልፈታውም።»

ከሆስፒታሉ ወጥታ መናኸሪያው በር ላይ ስትደርስ ረዳቱ «አንበሳሜ፣ አንበሳሜ!» ይላል። መንገዱ ክፍት ነበር። ፈንታነሽ በሩን አለፈችና ተሳፈረች። ሾፌሩ በመስታወት አያት፤ «ፈንታ! ድስቱን ማን ጠበቀው?» አላት።

«ዛሬ ሆድህን ቻለው» አለችው፤ ምስጋናን ጭኗ ላይ አስቀምጣ።

መንደር ሲደርሱ ጌጤ ከበሩ ላይ ልጅቱን ነጥቃ ወሰደች። ውቢትም ከደጇ ወጥታ ቆማ ነበር፤ ጠጉሯ ሸብቷል። ልጅቱ ወደ እሷ ስትዞር፣ ውቢት እንደለመደችው የነጠላዋን ጫፍ ያዘችና በዓይኗ ላይ ሳበችው።

ጌጤ ልጅቱን በአንድ እጇ አቅፋ በሌላው የውቢትን እጅ ያዘች። ነጠላውን ከፊቷ ላይ ገለጠችው።

«በሙሉ ዓይንሽ እያት» አለቻት።